አንድ ሹራብ ለሁለት

ቂርቆስ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2004

ለእህቴ ለአልጌ፣

እንዴት ነሽ፣ ብርዱስ እንዴት ያደርግሻል፣ ጎባ ሲባል ስሰማ ራሱ ይበርደኛል። እኛ ደህና ነን፣ እማዬም ደህና ናት፣ ጉልበቷን ብቻ ነው። ስለዘገየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ አንቺ ሦስት ጽፈሽ እኔ አንድም አልመለስኩ፣ ስንፍና አይደለም፣ ማለቴ ፈርቼ ነው። ለምን በስልክ አናወራም ስልሽ «አንቺ ስልክ ላይ ስትፈሪ ዝም ትያለሽ፣ ወረቀት ላይ ስትፈሪ ግን ማቆሚያ የለሽም» አልሽኝ፣ እውነትሽን ነው፣ ይኸው።

አሁንም ፖስታው ላይ ስምሽን የምጽፈው ሁለቴ አይቼ ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ አልለመድኩትም እኮ። ወይኒ ታዲዎስ፣ መምህርት፣ ጎባ፣ ብዬ እጽፋለሁ፣ ወይኒ ታዲዎስ ግን እኔ ነኝ። ለራሴ ደብዳቤ የምልክ ነው የሚመስለኝ። ፖስታ ቤት ያለችው ልጅ «የላኪ ስም?» አለችኝ፣ «እህቷ» አልኳት፣ «እህቷ ስም የላትም?» አለችኝ፣ ሳቅኩላትና ሳልነግራት ወጣሁ።

አሁን የጠየቅሽኝን። ከሁለቱ ዶክትሬት የቱን ልምረጥ ትይኛለሽ፣ አልጌ እኔ እኮ ከአምስተኛ ክፍል የወጣሁ ሰው ነኝ። እማዬ ስትሰማ «ቲማቲም መረጣ መሰላት እንዴ» አለች። ግን ስለጠየቅሽኝ ደስ ብሎኝ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እንደገባኝ ልንገርሽ፣ ከተሳሳትኩ አርሚኝ። የደቡብ አፍሪካው ቤትሽ ቁጭ ብለሽ በኢንተርኔት ነው፣ ለአምስት መቶ ተማሪ ፎርም ታስሞያለሽ ከዚያ ትደምሪያለሽ፣ እነሱ የሚፈልጉት ማስተርስሽን ብቻ ነው። የአዲስ አበባው ደግሞ አንድ ዓመት ሙሉ ትምህርት ቤት ውስጥ ከልጆች ጋር ያስቀምጡሻል፣ ይሄን ስኩል ሳይኮሎጂ የምትዪውን በእጅሽ ትሠሪዋለሽ፣ ግን እነሱ ማስረጃ ከሥር ጀምሮ ያጣራሉ።

ከሥር ጀምሮ የሚለው ላይ ስደርስ ወረቀቱን አጠፍኩት። ከሥር ያለሁት እኮ እኔ ነኝ።

የምታውቂውን ነው የምነግርሽ፣ ግን እየጻፍኩ ካላየሁት አይገባኝም። በ88 አንቺ ከገጠር እኛ ጋ ልትኖሪ ስትመጪ ትምህርት ቤታችሁ ተቃጥሎ አንድ ወረቀት አልነበረሽም። እኔ ደግሞ አልሄድም ብዬ ቁጭ ብያለሁ። እማዬ የእኔን ካርድና መሸኛ ይዛ ሜክሲኮ ጋ ያለው ትምህርት ቤት አስገባችሽ፣ ካርዱ ፎቶ የለው፣ ማን ያውቃል፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ወረቀት ላይ ወይኒ አንቺ ሆንሽ። ማንም ክፉ አላሰበም። እማዬ እንደምትለው ወንበሩ ባዶ ነበር፣ አንቺ ደግሞ ቆመሽ ነበር። ዋናው ማኅደር ግን እዚሁ ነው የቀረው፣ እኔ አሁን ጽዳት በምሠራበት በድሮው ትምህርት ቤቴ፣ ሪከርድ ክፍል፣ በየቀኑ እወለውለዋለሁ። ማኅደሩ ላይ ፎቶ አለ። የእኔ ነው።

ስለዚህ ምክሬ፣ ልቤ የአዲስ አበባውን ይላል ሆዴ የደቡብ አፍሪካውን። ልቤ ለምን እንዲህ አለ ብትዪ፣ እዚህ ሳምራ የምትባል የሦስተኛ ክፍል ልጅ አለች፣ አትናገርም፣ ደንቆሮ አይደለችም፣ ውጪ ስትጫወት ሰምቻታለሁ፣ ክፍል ስትገባ በቃ ትዘጋለች። በእረፍት እኔ ጋ መጥታ ባልዲዬን ይዛልኝ ትቆማለች። ሳምራ ፎርም አትሞላልሽም አልጌ። ብትሞላም አንዱን መስመር ብቻ ከላይ እስከ ታች ራይት እያደረገች ትሰጥሻለች፣ እንድትተያት። እሷን ለማወቅ አጠገቧ መቀመጥ ነው። ግን ሆዴን ስሚው፣ የደቡብ አፍሪካውን ያዢ።

ካዛንችስ፣ የድሮ ሰፈራችን፣ ባለፈው ሄጄ ነበር። ከባምቢስ ጀምሬ በእግሬ። የእነ ረውዳ ሱቅ የለም፣ የቦኖው ወረፋ የነበረበት፣ አንቺ ጄሪካን ላይ ተቀምጠሽ አማርኛ የምታነቢበት፣ የቦኖው ሰውዬ «የኔ ልጅ ጄሪካንሽ ነው የሚቀዳው መጽሐፍሽ?» ያለሽ፣ እሱ ቦታ የሆቴል መኪና ማቆሚያ ሆኗል። ዘበኛው ምን ትፈልጊያለሽ አለኝ። ምን ልበለው፣ ቤቴን ልበለው? መንገዴን ቀጠልኩ።

የማታ ትምህርት እዚህ ግቢ ሊጀምር ነው ይላሉ፣ ለአዋቂ፣ ግን እሱን ተይው።

ያንቺው እህት

*

ቂርቆስ፣ ኅዳር 9 ቀን 2004

አልጌዬ፣

ደህና ነሽ ወይ፣ ጉንፋኑ ለቀቀሽ ወይ፣ እማዬ ዳማከሴ ልላክላት ስትል በፖስታ አይላክም ብዬ ተጣላን። ስለዘገየሁ አሁንም ይቅርታ።

ለማመልከቻው ጽሑፍ ያስፈልገኛል አልሽ፣ ይሄን ትምህርት ለምን መረጥሽ ይሉኛል፣ መልሱ አንቺ ነሽ፣ ያን ቀን ክፍል ውስጥ ምን እንደሆንሽ ግን አንድም ቀን ነግረሽኝ አታውቂም አልሽ። እውነት ነው። እማዬ የሆቴል ዕቃ አጠባ ላይ እጇ ስለተቃጠለ እሷን ልተካ ነው ያቆምኩት ብያለሁ፣ ለሁሉም ሰው፣ ለአንቺም። የእማዬ እጅ የተቃጠለው ካቆምኩ ከሁለት ወር በኋላ ነው። ማንም አልቆጠረውም።

እሺ ልጻፈው። ቲቸር አርአያ ክፉ ሰው አልነበረም፣ እሱን እንዳትጽፊበት። ሰማንያ ልጅ ነበርን። ተነሺና አንብቢ አለኝ። ማንበብ እችላለሁ እኮ፣ ቤት ለእማዬ አነብላት የለ፣ ግን ስነሳ ድምፄ የለም። ከሆዴ ተነስቶ ጉሮሮዬ ጋ ቆመ። እሱ የናቅኩት መስሎት እስክታነቢ ቁሚ አለኝ። ቆምኩ። ቆምኩ። ከዚያ በእግሬ ሥር ሞቀኝ። ከኋላዬ ያለችው ልጅ እግሯን አነሳች፣ ከዚያ ሁሉም ሳቁ።

ግን አልጌ ያቆምኩት በዚህ አይደለም፣ ማለቴ በማግስቱ ሄጄ ነበር። እማዬ ልብሴን አጥባልኝ፣ ሄድኩ። ስም ሲጠራ ወይኒ ታዲዎስ አለ፣ አቤት ልል አፌን ከፈትኩ፣ አልመጣም። ቀና ብሎ ሳያይ ቀሪ ብሎ ጻፈ። በማግስቱም። እዚያው ሦስተኛው ዴስክ ላይ ተቀምጬ አንድ ሳምንት ሙሉ ቀሪ ነበርኩ። ቅዳሜ እማዬ ቅዳሴ ስትሄድ አሰብኩት፣ ብሄድም ባልሄድም ያው ነው። በቃ ሰኞ አልሄድኩም።

ከዚያ አንቺ መጣሽ፣ ቦኖው ጋ ተቀምጠን ስምሽን ስጪኝ እኔ አቤት እልልሻለሁ ያልሽኝ ትዝ ይልሻል? አሥራ ሁለት ዓመታችን ነበር። እኔ በዚያ ሰዓት የተሰማኝ እፎይታ፣ እግዚአብሔር ይይልኝ፣ ልክ እንደ ጫማ ማውለቅ ነበር።

ያን ሰሞን እማዬ ፎቶ ቤት ወሰደችን፣ ያ ግድግዳው ላይ ፏፏቴ የተሳለበት። ሁለታችንም ማማር ፈለግን፣ ሹራብ ያለው አንድ። ፎቶ አንሺው ጋሽ መሐመድአሚን «ምን ያጣላችኋል፣ እጅ እኮ ሁለት ነው ያለው» ብሎ ቀኙን ለእኔ ግራውን ለአንቺ አለበሰን። ተጣብቀን ቆመን ስንስቅ ሦስት ጊዜ አበላሸንበት። ፎቶው አሁንም አልጋዬ ራስጌ ነው። ስወለውል ውዬ ስገባ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

እንግዲህ ጻፊው፣ ፈቅጃለሁ። የልጅቷን ስም ግን አትጻፊ። ደግሞ ምን ብለሽ ትጽፊዋለሽ፣ የአንቺም ስም እሱ ነው።

እህትሽ

*

ቂርቆስ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2004

አልጌ፣

ሰላምታውን እኋላ እጽፈዋለሁ። አንድ ነገር አድርጌያለሁ፣ ለአንቺ ነው፣ አትቆጪኝ።

«የአዲስ አበባው በሕልሜ ይመጣል፣ ግን ያ ፎቶ» ብለሽ ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርሺ የተውሽውን አነበብኩ። እኔ ጨረስኩልሽ። ትናንት ምሳ ሰዓት ጋሽ ገብረዋህድ፣ የሪከርዱ ሰውዬ፣ ምሳቸውን ሊበሉ ሲወጡ ገባሁ። ማኅደሩን አወጣሁ። የእኔን ፎቶ በምላጭ አነሳሁት፣ ኮላው አርጅቶ በቀላሉ ለቀቀ። በአንቺ ቀየርኩት።

የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆነሽ የተነሳሽው ፎቶ ደግሞ አንድ ብቻ ነው ያለው፣ የትኛው እንደሆነ ታውቂያለሽ። ራስጌዬ የነበረውን ቆረጥኩት። መሃል ለመሃል። ስቆርጠው አለቀስኩ ግን ቀጥ አድርጌ ነው የቆረጥኩት። አሁን ማኅደሩ ላይ አንቺ ነሽ። ይምጡና ያጣሩ። ወይኒ ታዲዎስ፣ ፎቶዋ ይኸው፣ በቃ፣ የአዲስ አበባውን ምረጪ፣ ከልጆች ጋር ተቀመጪ።

ባለፈው ተይው ያልኩሽን ልንገርሽ፣ አሁን ስለማይጠቅም። የማታው ትምህርት ልመዘገብ አስቤ ነበር። ያቋረጠ ሰው ማኅደሩ ካለ ከቆመበት ይቀጥላል ብለዋል፣ ከአምስተኛ። ደብተር ገዝቻለሁ እንኳን፣ እማዬ አይታብኝ «ለምንድነው» ስትለኝ የጽዳት ዕቃ መመዝገቢያ ነው አልኳት። አሁን ማኅደሩ የአንቺ ነው፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ እንደነበር የሚያውቅ ወረቀት የለም። ይሁን። እኔ ያኔም ቀሪ ነበርኩ።

አንቺ ግን እንዴት ነሽ፣ ብርዱስ።

እህትሽ

*

ጎባ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2004

ውድ ወይኒዬ፣

ሰላምሽ ይብዛ፣ እናትሽን እትዬ ጀማነሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። መጀመሪያ ይቅርታ ልለምንሽ። ባለፈው ሳምንት አዲስ አበባ ነበርኩ። ደምበል ጋ ከታክሲ ወርጄ ወደ ቂርቆስ የሚሄደውን መንገድ ቆሜ ካየሁት በኋላ ተመለስኩ። ቤት ብመጣ ፊትሽን አያለሁ፣ ፊትሽን ካየሁ ደግሞ ያሰብኩትን አላደርግም ነበር።

መርጫለሁ፤ የአዲስ አበባውን። ስለ ሳምራ የጻፍሽልኝ ነው የወሰነልኝ። ግን ከአንዲት ዝም ያለች ልጅ አጠገብ ሄጄ ልቀመጥና እውነቱን ንገሪኝ ልላት ከሆነ፣ በሌላ ዝም ባለች ልጅ ስም ልቀመጥ አልችልም። ስለዚህ የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ ዶክተር ሙሉመቤትን አነጋገርኳቸው። አልጋነሽ ነገሪ እባላለሁ አልኳቸው። ስሜን ለሰው ከተናገርኩ አሥራ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፤ የሌላ ሰው ስም የምጠራ መሰለኝ። «ይሄን በምን ታረጋግጫለሽ?» አሉኝ። ቂርቆስ ያለው ማኅደር ላይ የስሙ ባለቤት ፎቶ አለ፣ ሄዳችሁ እዩት፣ እኔ አይደለሁም አልኳቸው። ማስረጃዬ እሱ ብቻ ነው። ሁለት ሰው እንልካለን ብለዋል።

ይቀበሉኝ ይሆናል፣ ያባርሩኝም ይሆናል፣ ማስተርሴም ምን እንደሚሆን አላውቅም። አንቺ ግን ምንም እንዳታደርጊ። እዚያው እንዳለሽ ሁኚልኝ።

አልጋነሽ

*

ቂርቆስ፣ ጥር 5 ቀን 2004

አልጌ፣

ደብዳቤያችን መንገድ ላይ ተላልፏል። ምናልባት ሻሸመኔ ጋ። ያንቺን የከፈትኩት መጥረጊያ ይዤ ነው፣ «ምንም እንዳታደርጊ» የሚለው ላይ ስደርስ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። እውነቱን ተናግረሽ ፎቶውን እዩ አልሻቸው፣ እኔ ደግሞ ፎቶውን አንቺን አድርጌዋለሁ። መጥተው ቢያዩ ውሸታም የምትሆኚው አንቺ ነሽ። ወይ ደግሞ እብድ ይሉሻል፣ የራሷን ስም የእኔ አይደለም የምትል።

ከዚያ ወዲህ የጻፍሽውን አንብቤያለሁ፣ አልተቆጣሁም ብለሻል፣ ብትቆጪኝ ይሻለኝ ነበር። በራስሽ ጊዜ መልሺው፣ ካልቻልሽ ተይው ማለትሽ ደግሞ ሦስት ቀን አላስተኛኝም። ለዚህ ነው የቆየሁት።

እንግዲህ የሆነውን ልንገርሽ። መጀመሪያ በስውር ልመልሰው ብዬ ነበር። ከዚያ ሳስበው በምላጭ ሁለት ጊዜ የተነካ ወረቀት ማን ያምነዋል፣ ለጋሽ ገብረዋህድ ልንገራቸው አልኩ። ከሥራ ቢያባርሩኝስ፣ እማዬስ፣ ፖሊስስ፣ ሁሉንም አሰብኩ። ሐሙስ ጠዋት ገባሁ። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው አድርገው «ምነው ወይኒ፣ ትናንት ወልውለሽው የለ» አሉኝ። ቆምኩ። አፌን ከፈትኩ። አልጌ፣ ያው ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ እዚያው ጉሮሮዬ ላይ ቁጭ ብሎ ሲጠብቀኝ ነበር።

እሳቸው ግን ቁሚ አላሉኝም። ወንበር ጎተቱልኝ። ወረቀትና እስክሪብቶ አስጠጉልኝና «እኔ ደብዳቤ መዝገብ ላይ ላስገባ፣ አንቺ እስክትጨርሺ አላይሽም» ብለው ጀርባቸውን ሰጡኝ። ጻፍኩ። እንደምታውቂኝ ማቆሚያ የለኝም፣ ሁለት ገጽ ሞላ። አነበቡት። ማኅደሩን አወጡ፣ ወደ መስኮቱ ይዘው ሄዱ፣ ረጅም ሰዓት አዩት።

«ይቺ ልጅ ሹራቧ ለምን ግማሽ ሆነ?» አሉ።

ሳቄ መጣ አልጌ፣ እንባዬም መጣ፣ ሁለቱም ባንዴ። አንደኛው እጅጌ ካንቺ ጋ ሄዶ ትከሻሽ ላይ ያልቃል፣ ከዚያ ወዲያ የለም። እንዴት እንዳላየሁት እንጃ።

«የእኔ እህት፣» አሉኝ፣ «ሠላሳ አንድ ዓመት እዚህ ስቀመጥ ስንት የተጭበረበረ ወረቀት አይቻለሁ። የራሱን ፎቶ ነቅሎ ያወጣ ሌባ ግን አላየሁም።» ከዚያ ኮስተር ብለው «የድሮው የት አለ?» አሉኝ። በእማዬ የጸሎት መጽሐፍ ውስጥ አልኳቸው። አልኳቸው፣ በአፌ፣ ድምፅ ነበረው። እሳቸውም ሳያስተውሉ «በይ ሄደሽ አምጪው» አሉ።

ዝም ብለው አልለጠፉትም። ርዕሰ መምህሯን ጠሩ፣ ቃለ ጉባኤ ተያዘ፣ ፎቶው በእንዲህ ያለ ቀን ተነስቶ ነበር፣ ባነሳችው ሠራተኛ አመልካችነት በቦታው ተመልሷል ተብሎ ተጻፈ። ማኅተም ተመታ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያም ሰጡኝ፣ ርዕሰ መምህሯ ተቆጥታ ነበር፣ ልክ ናት። ሦስት ሰው ፈረመ። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ።

አሁን የምፈራው የሚመጡትን ሁለት ሰዎች ነው። የስሙን ባለቤት በቃል እንጠይቃታለን ብለዋል፣ ጽሑፍ አይበቃም። በቃል አልጌ።

እህትሽ

*

ቂርቆስ፣ የካቲት 21 ቀን 2004

ለአልጋነሽ ነገሪ፣ ጎባ።

እንዴት ነሽ እህቴ፣ እኛ ደህና ነን፣ እማዬ ጉልበቷ ተሽሏታል፣ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ድረስ በእግሯ ሄዳ ተሳልማ መጣች። ስልክ ደውለሽ እንዴት ሆነ ስትዪኝ ዝም ማለቴ ይቅርታ፣ በስልክ ይጠፋብኛል ብዬ ፈርቼ ነው፣ ሙሉውን ልጽፍልሽ ፈልጌ።

ማክሰኞ መጡ። አንዱ ወጣት ነው፣ አንዷ ራሳቸው ዶክተር ሙሉመቤት፣ አጭር፣ ነጭ ፀጉር፣ ኮታቸው ኪስ ውስጥ ክብሪት የሚያህል እርሳስ። ርዕሰ መምህሯ ቢሮ ተቀመጡ። እኔ ኮሪደር ላይ ቆሜያለሁ፣ ሳምራ ባልዲዬን ይዛ አጠገቤ አለች፣ እረፍት ነበር። በሩ ክፍት ነው። ማኅደሩን ሲገልጡ ድምፁን ሰማሁት። ጋሽ ገብረዋህድ ቃለ ጉባኤውን ሲያነቡም ሰማሁ፣ ግማሽ ሹራብ የሚለውን ዘለሉት።

ከዚያ ዶክተሯ ከማኅደሩ ላይ አነበቡ፣ ልክ እንደ ስም ጥሪ፣ ቀና ሳይሉ።

«ወይኒ ታዲዎስ።»

ጉሮሮዬ ጋ መጥቶ ቆመ። አወቅኩት፣ ያው ነው። እግሬ ሞቀኝ መሰለኝና ወደ ታች አየሁ፣ ደረቅ ነው። ሳምራ ቀና ብላ አየችኝ። አልጌ እሷ ታውቀዋለች፣ እንዲህ ሲቆም ምን እንደሚመስል ከዚያ ግቢ ሁሉ እሷ ናት የምታውቀው፣ እና ምንም አላለችኝም፣ ባልዲውን በሁለት እጇ ይዛ ጠበቀችኝ።

«አቤት» አልኩ።

ትንሽ ነበር። ዶክተሯ ቀና አሉና «ግቢ» አሉኝ። ገባሁ። ተቀመጪ አሉኝ፣ ፎቶውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ፎቶውን አዩ። «ለምን ትምህርት አቋረጥሽ?» አሉኝ። ኅዳር የጻፍኩልሽን ነገርኳቸው፣ አንድ ሳምንት ተቀምጬ ቀሪ የተባልኩትን። ድምፄ እየተቆራረጠ ነው ግን ነገርኳቸው። ወጣቱ መጻፍ አቆመ። ዶክተሯ «እህትሽም እንዲሁ ነው የጻፈችው» አሉ፣ «ቀኑን ብቻ ነው የተሳሳተችው።» የአንቺን ፎቶ ከቦርሳቸው አውጥተው አጠገቤ አስቀመጡት፣ ትልቅ ሰው ሆነሽ፣ ነጠላ አድርገሽ። አንመሳሰልም እኮ። በጭራሽ።

ያሉኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ ልንገርሽ፣ ለአንቺም ይጽፉልሻል። ዘንድሮ አይሆንም። መጀመሪያ ፍርድ ቤት ሄደሽ ስምሽ ይስተካከል፣ የተማርሽበት ሁሉ ይጠየቃል፣ ምን እንደሚወስኑ እኔ አላውቅም አሉ፣ ቃል አልገቡም። ሲወጡ ግን በሩ ጋ ቆመው «ወደ ደቡብ አፍሪካው እንዳትሄድ ንገሪያት» አሉኝ። ነገርኩሽ።

ጋሽ ገብረዋህድ ከሰዓት ጠሩኝ። መዝገቡ ላይ ከስሜ ጎን መሸኛ ወስዳለች የሚለውን በቀይ ሰርዘው ፈርመውበታል። አቋርጣለች ብለው ጻፉ። አልጌ አቋርጣለች የሚል ቃል እንዲህ ደስ ይላል ብዬ አላስብም ነበር። «ያቋረጠ ይቀጥላል፣» አሉኝ፣ «ማታ አምስተኛ፣ መስከረም። እኔ ጡረታ ስለምወጣ አላይሽም፣ ደብተር ግዢ።» ደብተር አለኝ አልኳቸው።

ፍርድ ቤት ስትሄጂ ምስክር ይፈልጋሉ ብለሻል። እመጣለሁ። ጮክ ብለው ይጠይቁኛል ወይ፣ እሱን ብቻ ጻፊልኝ፣ እንድለማመድ።

ከዚህ ጋር ፎቶውን ልኬልሻለሁ፣ ሁለቱን ግማሽ ከኋላው በፕላስተር አያይዤ። መሃሉ ላይ መስመር አለ፣ የፏፏቴው ውሃም ትንሽ ተዛንፏል። ሹራቡ ግን ገጥሟል፣ ቀኙም ግራውም።

አሁን ፖስታ ቤት ልሄድ ነው። ያቺ ልጅ የላኪ ስም ትጠይቀኛለች።

ወይኒ ታዲዎስ